ሽሮ የማያውቀው ግድግዳ

በሜሪላንድ ሲልቨር ስፕሪንግና በቨርጂኒያ አሌክሳንድሪያ የምንኖር ሐበሾች ቅዳሜ ከሰዓት ቡና ላይ የምንከራከርበት ጉዳይ በየዘመኑ ይለዋወጣል። ድሮ ወሬው ሁሉ ወረቀት ነበር፤ የማን ጉዳይ ተፈቀደ፣ ለማን ዲቪ ደረሰ፣ የትኛው ጠበቃ ገንዘብ ተቀብሎ ስልክ አያነሳም። ቀጥሎ ፖለቲካ መጣ። እሱ እንኳ መጥቶ አልሄደም፤ ዛሬም ሶፋው ጥግ እንደተቀመጠ ነው። ከዚያ የቤት ብድር ወለድ፣ ከዚያ የልጆች ኮሌጅ። አሁን ደግሞ፣ ጉድ ሳይሰማ መስከረም አይጠባም፣ ከምድጃ ጀርባ ያለች ግድግዳ ተራዋን ይዛለች። ባክስፕላሽ ትባላለች። ስለ እሷ አስተያየት የሌለው ሰው እስካሁን አላጋጠመኝም። እንቁላል መጥበስ የማይችሉ ወንዶች እንኳ ስለ ሴራሚክ ሲጠየቁ ወንበራቸውን ጠጋ አድርገው፣ ጉሮሯቸውን ጠርገው ነው የሚጀምሩት።

ግድግዳዪቱ ከካውንተሩ ተነስታ ከላይ እስከተሰቀለው ካቢኔት ትደርሳለች። በአሜሪካ ልማድ ርቀቱ 18 ኢንች ነው፤ 45 ሴንቲ ሜትር ገደማ፣ በአገራችን ልኬት አንድ ክንድ። ለአንድ ክንድ መሬት «ድንበር ገፋኸኝ» ተባብለው ዕድሜ ልካቸውን ፍርድ ቤት የተመላለሱ ወንድማማቾችን ታሪክ እየሰማን ላደግን ሰዎች፣ በዚህችው ክንድ የተነሳ ባልና ሚስት ጀርባ ተሰጣጥተው ቢያድሩ ብዙም አይደንቀንም።

እናቶቻችን ይህ ጣጣ አልነበረባቸውም። ማድ ቤቱ ከዋናው ቤት ጀርባ ለብቻው ይቆማል፤ ግድግዳው ጭቃ፣ ጣሪያው ጥቀርሻ። ቀለሙን የሚመርጠው ጭሱ ነው፤ እሱም የሚያውቀው አንድ ቀለም ብቻ ነው። እንግዳ እዚያ አይገባም፤ ወንድ ልጅ ከገባማ «ምን አጣህ?» ተብሎ ይባረራል። እንግዳ ወጡን ያያል እንጂ ወጡ የተሠራበትን ቤት አያይም ነበር። አሜሪካኖች መሐል ያለውን ግድግዳ አፈረሱትና ሳሎንና ኩሽና አንድ ላይ ገቡ። አሁን እንግዳው ረጅም ዱካ ላይ ጉብ ብሎ፣ ወይኑን እየተጎነጨ፣ ሽንኩርት ስትከትፍ ቁጭ ብሎ ያይሃል። ስታለቅስም ያይሃል። በዚህ ጊዜ ነው ከምድጃው ጀርባ ያለው ግድግዳም የክት ልብስ ያስፈልገዋል የተባለው።

ነገሩ ግን ከግድግዳው አይጀምርም፤ ከኳርትዙ ነው የሚጀምረው። ዛሬ ኩሽናውን የሚያድስ ሰው ሁሉ መጀመሪያ የሚያዝዘው የኳርትዝ ካውንተር ነው። ብዙ ሰው ኳርትዝ ሲባል ከተራራ ተፈልጦ፣ ተልጎ የመጣ ድንጋይ ይመስለዋል። ከተራራስ መጥቷል፤ ግን ተፈጭቶ ነው። ከመቶ ዘጠና እጅ ገደማው የኳርትዝ ዱቄትና ፍርፋሪ ሲሆን የቀረው ፕላስቲክ ነክ ማጣበቂያና ቀለም ነው። ይቦካል፣ ቅርጽ ውስጥ ይገባል፣ በማሽን እየተርገፈገፈ አየሩ ይመጠጣል፣ ይጠቀጠቃል፣ በመጨረሻም ምድጃ ይገባል። ዘዴው የብሬቶን ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1963 የተመሠረተ የጣሊያን ኩባንያ። እስራኤል ውስጥ በቂሳርያ አጠገብ ያለችው ስዶት ያም የተባለች ኪቡትስ (የጋራ ኑሮ መንደር) ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1987 ሲዘርስቶንን አቋቁማ ይህንኑ ሥራ ጀመረች። ይህንን ሁሉ ለአማቴ በትዕግሥት አስረዳኋቸው፤ መፍጨቱን፣ ማቡካቱን፣ መጋገሩን። ሰምተው ሲያበቁ «ታዲያ ዳቦ ነዋ!» አሉ።

ዳቦም ይሁን ድንጋይ፣ ጸባዩ መልካም ነው። ዕብነ በረድ ሎሚ ጠብ ሲልበት ይደበዝዛል፤ ግራናይት በየጊዜው መከላከያ ይቀባል። ኳርትዝ ይህን ሁሉ አይፈልግም፤ ውሃም ዘይትም ቶሎ አይመጥም። ጠላቱ ሙቀት ነው። ድንጋዩ ምንም አይሆንም፣ ማጣበቂያው እንጂ፤ ሙቀቱ ወደ 150 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ ሲጠጋ ቢጫ ሊያወጣ ወይም ሊሰነጠቅ ይችላል። ቁሌት ሲበስልበት የዋለ ድስት ከእሳት ወርዶ በቀጥታ አይቀመጥበትም ማለት ነው። አማቴ ለዚህ ምክር አላስፈለጋቸውም፤ ጀበና ያለ ማቶት አስቀምጠው አያውቁም። እሳቸውን ያስቸገራቸው ሌላው ክልከላ ነው። የኳርትዝ አምራቾች በረኪና አይወዱም፤ ለረጅም ጊዜ ከቆየበት ገጽታውን ያበላሸዋል ይላሉ። ለአማቴ ግን በረኪና ያልነካው ነገር ንጹሕ አይባልም። ጠርሙሱ ከመታጠቢያው ሥር ተነስቶ ልብስ ማጠቢያው ክፍል የላይኛው መደርደሪያ ላይ የተቀመጠው በዚህ ምክንያት ነው። እሳቸው እንዳልደረሱበት መስለው ይኖራሉ፤ እኛም እንዳመንናቸው።

ስለ ኳርትዝ ስናወራ ሳልናገረው የማላልፈው አንድ ነገር አለ። ድንጋዩ በደረቁ ሲቆረጥ የሚበነው ደቃቅ አቧራ ሳንባ ውስጥ ገብቶ አይወጣም፤ ሲሊኮሲስ የሚባለውን የማይድን በሽታ ያመጣል። አውስትራሊያ እ.ኤ.አ. ከሐምሌ 1 ቀን 2024 ጀምሮ ይህን ዓይነቱን ካውንተር መሥራትም፣ መሸጥም፣ መግጠምም ከልክላለች። እዚህ አሜሪካ፣ በካሊፎርኒያ፣ የታመሙት አብዛኞቹ ከላቲን አሜሪካ የመጡ፣ እንደ እኛው እንጀራ ፍለጋ የወጡ ሠራተኞች ናቸው። ስለዚህ ድንጋዩን የሚቆርጥልህን ሰው «በውሃ ነው የምትቆርጡት? አቧራውስ የት ይሄዳል? ሠራተኞቹ ምን ዓይነት ጭምብል ያደርጋሉ?» ብሎ መጠየቅ ከቀለሙ በፊት ይመጣል ባይ ነኝ። እኔ ስጠይቅ ሻጩ ዋጋ ለማስቀነስ የመጣሁበት አዲስ ዘዴ መሰለውና ትንሽ ዶላር ቀነሰልኝ። ያልጠየቅሁትን ቅናሽ ተቀበልኩ፤ የጠየቅሁትን ግን ደጋግሜ እስኪመልስልኝ ድረስ አልተነሳሁም።

ካውንተሩ ተለክቶ፣ ተቆርጦ፣ ተገጥሞ ሳያልቅ ሴራሚክ አይለጠፍም፤ ሴራሚኩ የሚያርፈው እሱ ላይ ነውና። ትልቁ ፈተና የሚመጣው በዚህ መሐል ነው። ካውንተሩ እንደ ንጉሥ ተንጣሎ፣ ግድግዳው ራቁቱን ቆሞ፣ ሰዉ ምርጫ ያካሂዳል። ባለቤቴ ናሙናዎቹን በፕላስተር ግድግዳው ላይ ደረደረቻቸው። የመጣ ሁሉ ድምፁን ሰጠ። ጎረቤታችን አረንጓዴውን፣ የሚስቴ እህት ነጩን፣ የእህቷ ባል «የሚስቴን» አለ፤ ብልህ ሰው ነው። ለክርስትና ጥሪ ወረቀት ሊያደርስ ብቅ ያለ ሰው ሳይቀር ጫማውን አውልቆ ገብቶ፣ ራሱን ዘንበል አድርጎ አይቶ፣ «ሰማያዊው ቤቱን ያቀዘቅዘዋል» ብሎ ወጣ። እስካሁን ስሙን አላወቅነውም፤ ሰማያዊው ግን በዚያው ወደቀ።

ከሁሉም የከፋው ነጭ ነው። ነጭ አንድ ቀለም የሚመስለው ሴራሚክ ገዝቶ የማያውቅ ሰው ብቻ ነው። ወደ ሰማያዊ የሚያደላ ነጭ አለ፣ ወደ ቢጫ የሚያደላ አለ፣ ግራጫ የሸሸገ አለ፣ ሥጋ ሥጋ የሚል አለ። ለብቻው ስታየው ሁሉም ነጭ ነኝ ይላል፤ ከነጭ ኳርትዝ ጎን ሲቆም ነው ጉዱ የሚወጣው። ቀዝቃዛ ነጭ ካውንተር ላይ ሞቅ ያለ ነጭ ሴራሚክ ስታስጠጋ ሴራሚኩ የቆሸሸ ይመስላል። ባለቤቴ ይህን ልታስረዳኝ ስትጥር አማቴ ነጠላቸውን ከትከሻቸው አንስተው ጥለቱን አጥፈው፣ ጫፉን ከናሙናዎቹ ጋር አንድ በአንድ አስተያዩት። «ይሄ ቡኒ ነው፤ ይሄ አመድ ነው፤ ይሄማ አልታጠበም» አሉና ነጠላቸውን መልሰው ለበሱ። የሱቁ ባለሙያ በወፍራም የቀለም መዝገብ ሊያስረዳን ያልቻለውን በአንድ ነጠላ ጨረሱት።

መብራትም አለበት። ሱቁ ውስጥ ያለው አምፖል ወደ ቀን ብርሃን የሚጠጋ፣ 4000 ኬልቪን ምናምን የሚባለው ነው፤ የኛ ቤት አምፖል ደግሞ ሻማ ሻማ የሚለው 2700ው ነው። ሱቅ ውስጥ የተስማሙ ሁለት ነጮች ቤት ሲደርሱ ይጣላሉ። ደግሞ ሱቁ ሴራሚኩን ጠረጴዛ ላይ አስተኝቶ ነው የሚያሳየው፤ ቤት ውስጥ ግን የሚቆመው ቀጥ ብሎ፣ ያውም በካቢኔት ጥላ ሥር ነው። ተኝቶ ያማረ ቆሞ ይጠቁራል። ስለዚህ ናሙና ሲታይ መቆም አለበት፤ ጠዋትም፣ ማታም፣ መብራት በርቶም፣ ጠፍቶም። ባለቤቴ ይህን ምክር በጣም በቁም ነገር ስለወሰደችው ሌሊት ውሃ ልጠጣ ስነሳ ኩሽና ውስጥ በስልክ መብራት ግድግዳ ስትመረምር አገኘኋት። ሌባ መስላኝ ልጮህ ነበር፤ እሷ ግን ቀና እንኳ ሳትል «ና እስቲ፣ ይሄኛው አሁን ሮዝ አይመስልም?» አለችኝ።

ሰው ግራ ሲገባው የሚሸሽበት ሳብዌይ ታይል የሚባል አለ። 3 በ6 ኢንች የሆነ፣ የሚያብረቀርቅ፣ ነጭ፣ ጡብ በጡብ የሚደረደር። እ.ኤ.አ. ጥቅምት 27 ቀን 1904 የተከፈተውን የኒውዮርክ የምድር ውስጥ ባቡር ጣቢያዎች ያስጌጡት ሄይንስና ላፋርጅ የተባሉ አርክቴክቶች ናቸው፤ ነጩን ሴራሚክ የመረጡት ብርሃን እንዲመልስና ቶሎ እንዲታጠብ ነው። መቶ ሃያ ዓመት አለፈ፣ የባቡር ጣቢያው ግድግዳ ቤታችን ገባ። እኔ በበኩሌ ከሴራሚኮች ሁሉ የማከብረው እሱን ነው፤ ቢያንስ ሲፈጠር ጀምሮ ለቆሻሻ ተዘጋጅቶ ነው። ባለቤቴ ግን «ሁሉም ሰው ቤት አለ» ብላ ናቀችው። ሁሉም ሰው ቤት ያለ ነገር ጥሩ ስለሆነ ሊሆን ይችላል የሚለው ሐሳቤ ለውይይት ሳይቀርብ ታለፈ።

የሚስቴ እህት ያመጣችው ዜሊጅ ነበር። የሞሮኮ፣ የፌዝ ከተማ ሸክላ ነው፤ በእጅ ይቆረጣል፣ በእጅ ይለበጣል፣ አንዱ ከአንዱ አይመሳሰልም። አንዱ ጎበጥ ይላል፣ አንዱ ጠርዙ ተሸርፏል፣ አንዱ ቀለሙ ሳስቷል። ሻጯ በታላቅ ኩራት «ውበቱ ጉድለቱ ነው» አለች። ዋጋውን ስትነግረን ጉድለቱ በጣም ብዙ እንደሆነ ገባኝ። አዲስ አበባ ላይ ሴራሚክ ለጣፊው እንዲህ አጎብጦ ቢለጥፍልን ውሃ ልኩን ይዘን፣ ሽማግሌ ጠርተን፣ ሒሳብ አንከፍልም ብለን ቀውጢ እናደርገው ነበር። እዚህ ለጎበጠው ተጨማሪ ይከፈላል። ውበቱን አልክድም፤ ፀሐይ ሲያርፍበት ውሃ ላይ እንዳለ ብርሃን ይጫወታል። ግን እያንዳንዷ ጉብታ ከሥሯ ትንሽ ጥላ አላት፤ በዚያች ጥላ ሥር ምን እንደሚያርፍ እኔ አውቃለሁ፣ የፌዝ ሸክላ ሠሪ ግን አያውቅም።

ስለ ማዛመድ አንድ ሕግ ብቻ ነው የማምነው። በሰርግ ዘፈን አውራጁ አንድ ነው፤ የቀረው ተቀባይ ነው። ሁለት ሰው ካወረደ ዘፈን መሆኑ ቀርቶ ጠብ ይሆናል። ካላካታ የሚባለውን ዕብነ በረድ አስመስሎ የተሠራ፣ ትልልቅ ግራጫ ጅማቶች ከዳር እስከ ዳር የሚዘረጉበት ኳርትዝ ያስገጠመ ሰው አውራጁን መርጧል፤ ሴራሚኩ ዝም ብሎ ይቀበል። ካውንተሩ ልሙጥ ከሆነ ግን ግድግዳው እንደፈለገ ያውርድ፣ በዓሣ አጥንት ቅርጽም ይደርደር፣ አረንጓዴም ይሁን። ብዙ ቤት ገብቼ የማየው ግን ጅማታም ካውንተር፣ ከሱ በላይ በሦስት ቀለም የሚያብለጨልጭ ሞዛይክ፣ ከዚያ በላይ «ቤታችንን ባርክ» የሚል በወርቅ የተጻፈ ሰሌዳ ነው። ሦስቱም በአንድ ጊዜ ይጮኻሉ፤ ባለቤቶቹ ለምን ራስ ምታት እንደሚይዛቸው ይገረማሉ። የሚሻለው፣ ካውንተሩን ቀርበው አይተው ከዋናው ቀለም ሳይሆን ከጅማቱ ጫፍ ላይ ካለችው ሁለተኛ ቀለም ሴራሚኩን መምረጥ ነው። የኛ ኳርትዝ ነጭ ነው፤ ግን ግራጫው ጅማት ሲያልቅ ጫፉ ላይ ቀጭን ቡኒ አለች። መፍትሔው እዚያች ቀጭን ቡኒ ውስጥ ተኝቶ ነበር።

እዚህ ላይ የመጽሔት ፎቶግራፎችን አንድ ጊዜ መክሰስ እፈልጋለሁ። በየትኛውም ያማረ የኩሽና ፎቶ ላይ ሶኬት የለም። የአሜሪካ የኤሌክትሪክ ደንብ ግን ካውንተር ላይ ያለ ማንኛውም ነጥብ ከሶኬት ከ24 ኢንች በላይ እንዳይርቅ ያዝዛል። ስለዚህ ያ ውድ ሴራሚክ በየአራት ጫማው አፍንጫና ሁለት ዓይን ያለው ነጭ ፊት ተሰክቶበት ይቆማል። ፎቶው ላይ ያሉት ሰዎች ቡና መፍጫቸውን የት ነው የሚሰኩት? ድስትም የላቸውም። ሦስት ሎሚ በጎድጓዳ ሳህን አለ፣ አንድ የዳቦ መክተፊያ ጣውላ አለ፣ አለቀ። እዚያ ቤት እሳት ነድዶ አያውቅም።

ይህ ሁሉ ሲሆን ከሱቁ ሻጭ እስከ ክርስትና ጠሪው ድረስ ማንም ያልጠየቀንን ጥያቄ የጠየቀን ሴራሚኩን ሊለጥፍ የመጣው ባለሙያ ነው። ከኤልሳልቫዶር ነው፤ በዚህ አካባቢ ያልለጠፈበት የሐበሻ ቤት ያለ አይመስለኝም፤ ቡና እስከ ሁለተኛው ይጠጣል፣ በረካ ላይ ይነሳል። ገብቶ ሴራሚኮቹን አላያቸውም። ምድጃውን አየ፤ ከላይ ያለውን ማይክሮዌቭ አየ፤ ጭሱን ወደ ውጭ የማያወጣ፣ ስቦ መልሶ ፊታችን ላይ የሚተፋ መሆኑን አረጋገጠ። ከዚያ ዞሮ «ምን ታበስላላችሁ?» አለ።

ባለቤቴ መናገር ጀመረች። ቁሌት፣ ሰዓታት የሚፈጅ። ዶሮ ወጥ፣ ቅቤው ሲንጣጣ። አልጫ በእርድ። እና ሽሮ። ሽሮ ላይ ስትደርስ ዝም አልን፤ አማቴም ዝም አሉ። ሽሮን ለማያውቅ ሰው እንዴት ይነገራል? ውሃ ሲፈላ ይፈላል። ሽሮ ግን ይተኩሳል። ወፍራሙ ገጽ ሥር እንፋሎት ይታፈናል፣ አረፋው ይነፋል፣ ቱክ! ይላል፤ ከዚያ ቀዩ ጠብታ ግድግዳ ላይ አለ። አንዷን ስትጠርግ ሦስት ይመጣሉ። ክዳን ብታደርግበት ይገነፍላል፤ ክዳን ብታነሳ ይተኩሳል። ማማሰያ ይዞ ከድስት አጠገብ የቆመ ሰው እጁ ላይ ጠባሳ አለው። ባለሙያው እጅጌውን ሰብስቦ ክንዱ ላይ ያለች ትንሽ ምልክት አሳየን፤ አንድ የሐበሻ ቤት ምሳ ሲበላ ያገኛት ናት። ያውቀዋል።

«ነገሩ ሴራሚኩ አይደለም፤ ግራውቱ ነው» አለ ከዚያ። ልክ ነው። ሴራሚኩ መስታወት ስለተቀባ በእርጥብ ጨርቅ ይጸዳል። በሴራሚኮቹ መሐል የሚሞላው ግራውት ግን ከሲሚንቶ የተሠራ፣ ቀዳዳው የበዛ ነገር ነው፤ በርበሬ ያለበት ቅቤ ከደረሰው ይጠጣዋል። ያንን መስመር ነጭ ያደረገ ሰው በየስድስት ወሩ በጥርስ ብሩሽ ግድግዳ ሲፋጭ ይኖራል። እርድ ደግሞ የባሰ ነው፤ ቢጫ የሚያደርገው ኩርኩሚን ግራውቱንም፣ የኳርትዙን ማጣበቂያም ይይዛል። ኩርኩሚንን የሚያሸንፈው ፀሐይ ነው። ባለቤቴ እርድ የነካቸውን የፕላስቲክ ዕቃዎች መስኮት ሥር ታሰጣቸዋለች፤ ሁለት ቀን ሳይሞላ ቢጫው ይጠፋል። ግድግዳን ግን አውጥቶ ማስጣት የለም።

ያለው ምርጫ መስመሩን ማሳነስ ነው፤ ሴራሚኩን ትልቅ ማድረግ፣ ክፍተቱን ከ3 ሚሊ ሜትር በታች ማውረድ፣ ግራውቱንም የሴራሚኩን ቀለም ማስመሰል፣ ቢቻል ኢፖክሲ የሚባለውን ማድረግ። ኢፖክሲ ዘይት አይጠጣም። ሠሪውን ግን ያስጨንቃል፤ ቶሎ ይደርቃል፣ ሴራሚኩ ላይ የቀረ ጠብታ በኋላ በመሮም አይነሳም። ባለሙያው ስሙ ሲነሳ አማተበ፤ ከዚያም ዋጋውን ጨመረ። የሚስቴ እህት «እንግዲያው ኳርትዙን ራሱን ግድግዳው ላይ አውጡት፣ መስመር የለ፣ ምን የለ» አለች። ሐሳቡ መልካም ነበር። ግን ያው ማጣበቂያ ያው ማጣበቂያ ነው፤ ከጋዝ ምድጃ ጀርባ እንዳይገጠም የሚያስጠነቅቁ አምራቾች አሉ፤ የኛ ምድጃ ደግሞ ጋዝ ነው፤ አማቴ ደግሞ እሳት የሚያነዱት ለበሬ ነው።

በመጨረሻ የተለጠፈው ፖርስሊን ነው፤ ገጹ ልስልስ፣ ያለ ጉብታ፣ ያለ ቦይ፣ ከዚያች ከጅማቱ ጫፍ ካለችው ቡኒ የተወሰደ፣ ልክ የሰርገኛ ጤፍ ቀለም። ሥራው ሲያልቅ ባለሙያው ግድግዳው ላይ አንድ ማንኪያ ቀዝቃዛ ሽሮ ቀብቶ ትንሽ ቆይቶ በስፖንጅ ጠረገው። ምንም አልቀረም። አማቴ አጨበጨቡ። ከሚያስፈልገው አስር በመቶ አብልጠን ነበር የገዛነው፤ በየካርቶኑ ላይ የምድብ ቁጥር አለ፣ ቁጥሩ ከተለያየ ቀለሙም ይለያያል፤ አንድ ቀን አንዱ ቢሰበር ከዚያው ምድብ ማግኘት ዕድል ነው። የተረፈውም ምድር ቤት ገባ።

የሆነው ግን ይህ ነው። ግድግዳው እንዲህ አምሮ ሲያልቅ ባለቤቴ ሽሮ ልትሠራበት አልቻለችም። እጇ እምቢ አለ። «ለዛሬ ብቻ» ብላ ድስቱን ይዛ ጋራዥ ወረደች። ነገሩ አዲስ አይደለም፤ በዚህ አገር እንጀራ ድሮውንም ጋራዥ ነው የሚጋገረው። ምጣዳችን ራሱ ኖርዌያውያን ሌፍሰ የሚባል ስስ ቂጣቸውን እንዲጋግሩበት አሜሪካ ውስጥ የተሠራ የኤሌክትሪክ ምጣድ ነው፤ ለእንጀራ እንደሚውል ያልጠረጠረ ምጣድ። አዲስ አበባ ያሉ ዘመዶቻችንም ቪላ ሲሠሩ የሚያብረቀርቀውን ኩሽና ከውስጥ፣ ወጡን ከጓሮ ሰርቪስ ቤት ያደርጉታል። አሁን በኛ ጋራዥ የሁለት እሳት የጋዝ ምድጃ ተተክሏል፣ በሩ ሁልጊዜ ወለል ብሎ ተከፍቶ፤ ጋዝ በተዘጋ ቤት ቀልድ አያውቅም። አማቴ ዱካቸውን አውርደው ነጠላቸውን ወገባቸው ላይ አስረው እዚያ ነግሠዋል። ለበዓል የሚመጡ እንግዶች ኩሽናው ውስጥ ቆመው ግድግዳውን እየዳበሱ «እንዴት ነው እንዲህ ንጹሕ የሚሆንልሽ?» ይላሉ። ባለቤቴ «ቶሎ ቶሎ መጥረግ ነው» ትላለች። ውሸቷን አይደለም፤ አቧራ ትጠርጋለች።

ባለፈው ሰሞን አማቴ ከጋራዥ ጠሩን። ግድግዳውን በማማሰያ ጠቆሙ። ያልተቀባው ጂፕሰም ከላይ እስከ ታች በሽሮና በቁሌት ነጠብጣብ ተዥጎርጉሯል። «ልጆቼ፣ ይሄ ያስጠላል፤ ያንን ነገር እዚህም ለጥፉልኝ» አሉ። የተረፉትን ካርቶኖች ከምድር ቤት አወጣን፤ ግማሹን እንኳ አይሸፍኑም። ሱቅ ደወልን፤ ያ ምድብ አልቋል። ባለሙያው መጥቶ አየና «ምን ታበስላላችሁ?» ብሎ አልጠየቀም።

ናሙናዎቹ አሁን ጋራዡ ውስጥ በፕላስተር ተለጥፈዋል፤ ጎረቤታችን አረንጓዴውን መርጧል። መኪናዬን ውጭ እንዳቆም ተነግሮኛል፤ ባለቤቴ ሴራሚኮቹን ወደ ኋላ ርቃ ማየት ትፈልጋለች።